አዳኙን ፍላሽ ማን ያድነዋል?

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ቦሌ ሚካኤል ላይ ላፕቶፑ አልነሳ ያለው ሰው ወደ ጥገና ሱቅ ቢሄድ፣ ጠጋኙ ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ሊያወርድለት አይችልም ነበር። ተስፋው ቀድሞ በፍላሽ የተያዘው ብቻ ነው።

ይህ ፍላሽ ተራ የፋይል መያዣ አይደለም። ኮምፒውተሩ በራሱ ሃርድ ዲስክ መነሳት ሲያቅተው በእሱ ይነሳል፤ ፋይል ይወጣበታል፣ ቫይረስ ይጸዳበታል፣ ዊንዶውስ ይጫንበታል። ቀድሞ ሥራው የፍሎፒ፣ ቀጥሎም የሲዲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፍላሾች 8 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይይዙ ነበር። በ2011 ሩፈስ፣ በ2020 ቬንቶይ መጡ፤ በቬንቶይ ብዙ ሲስተም በአንድ ፍላሽ ይያዛል።

ነገሩ የድሃ አገር ዘዴ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የክራውድስትራይክ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተሮችን ሲጥል፣ ማይክሮሶፍት ራሱ በፍላሽ የሚነሳ መጠገኛ አውጥቷል።

ችግሩ ሁሉም ነገር በአንድ ፍላሽ ሲታጨቅ ነው። ፍላሹ በቫይረስ ከታመመ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይዞራል፤ ይጠፋል፣ ይቃጠላል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

አገሪቱ ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት የነበሩ ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ብዙዎቹን መርምረው ዝርዝራቸውን በካታሎግ አሳተሙ። ቅጂው በሁለት ቦታ ባይቀመጥ ለአንድ አደጋ ይጋለጥ ነበር፤ ዝርዝሩ ባይኖር ደግሞ ፈላጊው አያገኘውም ነበር።

ለፍላሹም ሕጉ ያው ነው። ፋይሎቹን ኮፒ ፔስት ማድረግ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ማስነሻው ክፍል ሊቀር ይችላል። ሙሉ ምስሉ በሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፣ ሁለተኛ ፍላሽ ይዘጋጅ፣ ምን እንደያዘና መቼ እንደታደሰ ይጻፍበት። ከሁሉም በላይ በየጊዜው ኮምፒውተር ተነሥቶበት ይሞከር። ያልተሞከረ ቅጂ መበላሸቱ የሚታወቀው የደንበኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል።