ምስለ ቁስ፦ መሬት የማይቆፍር ዶማ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ቤቱ ገጀራ የሌለው የቡና ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል። ከበበቃ ሰፊ እርሻ አንስቶ እስከ ሸካ ደን ጥግ ድረስ፣ በቡናው ሥር የሚበቅለው ቁጥቋጦ የሚመነጠረው በገጀራ ነው፤ የችግኙ ጉድጓድ በዶማ ይቆፈራል፤ የበዛው የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ በመጥረቢያ ይወርዳል። የመሣሪያው ደግነት የሚለካው በስለቱና በክብደቱ ነው። በጣም የቀለለ ዶማ መሬት አይበሳም።

የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ መስሎ ለመልበስ የሚዘጋጅ ወጣት የሚፈልገው ዶማ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እንዳይከብድ፣ እንዳይቆርጥ፣ ሰው ላይ ቢወድቅ እንዳይጎዳ፣ ከአሥር ሜትር ርቀት ሲታይ ግን ብረት እንዲመስል ይፈለጋል። እንዲህ ያለው ዕቃ በእንግሊዝኛ «ፕሮፕ» ይባላል። ቃሉ «ፕሮፐርቲ» የሚለው አጥሮ የቀረ የትያትር ቤት ቃል ሲሆን፣ ተዋናዩ በትወናው መካከል የሚይዘውን፣ የሚያነሳውንና የሚጥለውን ዕቃ ሁሉ ይጠቀልላል። በ1948 ዓ.ም. በተመረቀው ብሔራዊ ትያትርም ሆነ ከእሱ በሚቀድመው ሀገር ፍቅር ያለ ጋሻና ጦር፣ ያለ ዙፋንና ዘውድ ሊታሰብ የማይችል ታሪካዊ ተውኔት ብዙ ታይቷል። የመድረክ ባለሙያዎች እነዚህን «የመድረክ ቁሳቁስ» ይሏቸዋል፤ የፊልሙ ሰፈር ደግሞ በአብዛኛው «ፕሮፕስ» ብሎ ያልፋል።

ቃሉ ከመድረክ ወጥቶ ወደ ጎዳናና ወደ አዳራሽ የወረደው «ኮስፕሌይ» በሚባለው ገጸ ባሕርይ መስሎ የመልበስ ልማድ ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ላይ ፎረስት አከርማን የተባለ ተሳታፊ፣ ሚርትል ዳግላስ የሰፋችለትን የመጪው ዘመን ልብስ ለብሶ ታየ፤ እሷም የራሷን ለብሳ ነበር። ስሙን የሰጠው ግን ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ታካሃሺ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ «ኮስቲዩም» እና «ፕሌይ» የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ቆርጦ በመገጣጠም ቃሉን በመጽሔት ላይ ጻፈው። ዛሬ ለብዙ ኮስፕሌይ አፍቃሪ፣ ከልብሱ ይልቅ ሌሊት የሚያስመሽው በእጅ የሚያዘው ዕቃ ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው? «የውሸት» የሚለው የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ ይመጣል፤ የውሸት ሽጉጥ፣ የውሸት ጎራዴ። ነገር ግን ውሸት ያለው አታላይ ባለበት ነው። «ፎርጅድ» ደግሞ ይብሳል፤ ፎርጅድ ብርም ሆነ ፎርጅድ ዲግሪ የሚሠራው ሰው እውነተኛ ነው ብሎ እንዲቀበለው ነው፤ የኮስፕሌይ ዶማ ግን የማንንም ኪስ አይነካም። «የመድረክ ቁሳቁስ» ጥሩ ስም ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይሰፋል። ተዋናይት እውነተኛ ጀበና ይዛ እውነተኛ ቡና ብትቀዳ፣ ያ ጀበና የመድረክ ቁስ ነው እንጂ የምንም ቅጂ አይደለም። የምንፈልገው ቃል ቅጂነቱን የሚናገር፣ ማታለልን ግን የማያስከትል ነው።

መንገዱን የሕግ ትምህርት ቤቶች አስቀድመው ጠርገውታል። ተማሪዎች እንደ ጠበቃና እንደ ዳኛ ሆነው የሚከራከሩበትን ልምምድ «ምስለ ችሎት» ይሉታል፤ ችሎቱ ማንንም አያስርም፣ ማንንም አያታልልም፣ ሥርዓቱን ግን አሟልቶ ይይዛል። በዚያው ስልት «ምስለ ቁስ» ብንል ቃሉ ራሱን ያስረዳል። ስለዚህ ማንኛውም ተዋናይ የሚይዘው ዕቃ «የትወና ቁስ»፣ የሌላ ነገር አምሳያ ሆኖ ቀሎ የተሠራው ደግሞ «ምስለ ቁስ» ቢባል ሁለቱም ቦታቸውን ያገኛሉ። በጨዋታ መካከል «ፕሮፕ» የሚለውን ማንም አይከለክልም።

ለቡናው አገር የሚቀርብ ምሳሌ «ስታርዲው ቫሊ» የተባለው ጌም ነው። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ለዓመታት ብቻውን ሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. አወጣው። ተጫዋቹ ከአያቱ የወረሰውን የተተወ እርሻ የሚረከብ ገበሬ ነው፤ ሲጀምር የሚሰጡትም መጥረቢያ፣ ዶማ፣ መኮትኮቻ፣ ማጭድና ውሃ ማጠጫ ናቸው። ቡናም ይተከላል። በጌሙ የተተከለ ቡና በ10 ቀን ፍሬ ይሰጣል፤ አምስት ፍሬ በርሜል ውስጥ ሲገባ አንድ ሲኒ ይወጣዋል። ከተከለ በኋላ ሦስትና አራት ዓመት ለሚጠብቀው የቴፒ ገበሬ ይህ ምቀኝነት የሚያሳድር አሠራር ነው። የሆነው ሆኖ፣ የዚህን ጌም ገበሬ መስሎ መታየት የሚፈልግ ሰው ባርኔጣና ቱታ ለብሶ ብቻ ማንነቱን አያስታውቅም። ገበሬነቱ የሚታወቀው በእጁ በያዘው ነው።

እዚህ ላይ ክብደት ዋናው ጉዳይ ይሆናል። የጌም ሠዓሊዎች መሣሪያን አግዝፈው ይሥላሉ፤ በትንሽ ስክሪን ላይ እንዲለይ ስለሚፈልጉ የዶማው ራስ ከባለቤቱ ራስ ሊበልጥ ይችላል። የሁለት ሊትር ውሃ መያዣ ያህል መጠን ያለው የዶማ ራስ ከብረት ቢሠራ ወደ 16 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ያው መጠን ጠጠር ካለ ፎም ቢቆረጥ ግን 200 ግራም ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ተይዞ ለሚዞር ዕቃ ልዩነቱን ክንድ ያውቀዋል።

ፎሙ ኢቪኤ የሚባለው ነው። ስሙ ባይታወቅም ዕቃው በየቤቱ አለ፦ የነጠላ ጫማ ሶል፣ ሕፃናት እንዲጫወቱበት ወለል ላይ እየተገጣጠመ የሚነጠፈው ባለቀለም ምንጣፍ። ውስጡ እርስ በርሳቸው በማይገናኙ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሞላ ስለሆነ ውሃ አይመጥም። በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ በሆነው በሚዛንና በቴፒ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ካርቶን ርካሽና ለመቁረጥ ምቹ ቢሆንም አንድ ካፊያ ያበቃለታል። ፎሙ በስለታም ካተር ይቆረጣል፤ ጠርዙ በሰያፍ ሲቆረጥ የስለት መልክ ይይዛል። ከዚያ ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ ገጹ ይሞቃል። ሙቀቱ የላይኞቹን ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ ገጹ ይለሰልሳል፣ ቀለምም ጠጥቶ አያባክንም፤ በሞቀበት ተጣምሞ ሲበርድም የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል።

ለማጣበቅ ጫማ ሠሪ የሚያውቀው ማስቲሽ በቂ ነው። አሠራሩም የጫማ ሠሪ ነው፦ ሁለቱንም ገጽ ቀብቶ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው መጠበቅ፣ ከዚያ አንዴ ገጥሞ መጫን። ተገጥሞ የተሳሳተ ስለማይላቀቅ ቀድሞ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ይበጃል። የማስቲሽ ሽታ ራስ የሚያዞር ጎጂ ትነት ነውና ሥራው በረንዳ ወይም ደጅ ላይ ይሠራ። ፎሙን በብርጭቆ ወረቀት ሲሞርዱም አፍና አፍንጫን መሸፈን የግድ ነው።

ለእጀታው በአብዛኛው የውሃ ቱቦ ፕላስቲክ ይመከራል። ሸካ ዞን ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ምክር ትንሽ ያስቃል፤ ማሻ ደጋ ላይ ቀርከሃ ሞልቶ የለም እንዴ! ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቀላል፣ ረጅም ቃጫ ስላለው ደግሞ ጠንካራ ነው። በደንብ የደረቀ ቀርከሃ በፎሙ ራስ መካከል ካለፈ ዶማው አይጎብጥም። በላዩ ላይ ስስ ፎም ከተጠቀለለና የእንጨት መስመር ከተጫረበት አንጓው አይታወቅም። ለብረቱ መልክ መጀመሪያ ጥቁር ይቀባል፤ ከደረቀ በኋላ እምብዛም ቀለም ባልያዘ ብሩሽ ብርማ ቀለም በጠርዞቹ ላይ ብቻ ይታበሳል። በአገልግሎት የነጣ ብረት የሚነጣው ጠርዙ ላይ ስለሆነ ዓይን ወዲያው ያምናል። እውነተኛ የእርሻ ዶማ አጠገብ አስቀምጦ የዝገቱንና የጭቃውን ቦታ እያዩ መቀባት ከማንኛውም ቪዲዮ የተሻለ መምህር ነው።

ለጀማሪ ግን የ«ማይንክራፍት» ዶማ ይቀላል። የመሣሪያው ሥዕል የተሠራው በ16 በ16 ካሬ መረብ ላይ ነው። እያንዳንዱን ካሬ 4 ሴንቲ ሜትር አድርጎ በካርቶን ላይ ያሰመረ ሰው 64 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው ንድፍ ያገኛል፤ ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ እንጂ ማጣመም የለበትም። ያን ንድፍ ፎም ላይ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ መቁረጥና ቀርከሃውን በመካከል አድርጎ ማጣበቅ ነው።

ኮስፕሌይ የሚለው ስም ለአገራችን እንግዳ ይሁን እንጂ ሥራው እንግዳ አይደለም። የካቲት 23 ቀን በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የአባቶችን የጦር ልብስ ለብሰው፣ ጋሻና ጦር አንስተው የሚወጡት ሰዎች፣ በዩኒቨርሲቲ «ክሬዚ ዴይ» ገበሬ፣ ሐኪም ወይም ሽማግሌ መስለው የሚያመሹት ተመራቂዎች፣ ሁሉም የሌላ ሰው ልብስና ዕቃ ወስደው ያንን ሰው ይሆናሉ። የራሳችን ገጸ ባሕርያትም እየመጡ ነው፤ በኤታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጀምበር» ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ነው። በዓለም አቀፉ «ሲቪላይዜሽን» ጌምም ዐፄ ኃይለ ሥላሴና ዳግማዊ ምኒልክ መሪ ሆነው ገብተዋል። እስካሁን የቡና ገጀራ የያዘ የጌም ጀግና አለመኖሩ ግን ያሳዝናል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ጌም የሚወዱ ተማሪዎች ካሉት፣ ሞዴሉ ከግቢው አጥር ማዶ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። ውጭ አገር በሚካሄዱ የኮስፕሌይ ጉባኤዎች ማንኛውም ምስለ ቁስ መግቢያው ላይ ይታያል፤ ስለት ያለው ብረት አይገባም፤ ያለፈውም ምልክት ይታሰርበታል። እዚህ እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌለበት፣ በደንብ የተቀባ የፎም ገጀራ በር ላይ ያለውን ጥበቃ ሊያስደነግጥ ይችላል። ስለዚህ የሠራ ሰው አዘጋጆቹን ቀድሞ ያስፈቅድ፣ መንገድ ላይ በጆንያ ጠቅልሎ ይያዝ፣ ፍተሻው ላይ ሲደርስም ጎበጥ አድርጎ ፎም መሆኑን ያሳይ። እውነተኛው ገጀራ እቤት ይቆይ።