ከንባብ ቤት እስከ ፍሬሽማን፤ የጋራ ትምህርት በፎገራ ምድር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ሐሙሲትን አልፎ እስከ ወረታ የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ ዛሬ በሩዙና በከብቱ ቢታወቅም፣ በአንድ ወገን የጣና ገዳማት፣ በሌላው የጋይንት አድባራት ስላሉት የጥንት ትምህርት ቤቶች አገርም ነው። ተማሪ ሙያ ከመምረጡ በፊት ሁሉም በጋራ የሚያልፉበት ሰፊ መሠረት፣ በዛሬው አጠራር ጠቅላላ ትምህርት፣ በዚህ ምድር ከዩኒቨርሲቲ እጅግ ይቀድማል።

ኋላ ካህንም ሆነ ደብተራ ወይም ጸሐፊ የሚሆነው ልጅ በንባብ ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ጀምሮ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ በላይ ለመማር የሚሻው የቅዱስ ያሬድን ድጓ በዜማ ቤት፣ የግእዝን ሰዋስውና የቅኔን አመሠጣጠር በቅኔ ቤት ይቀጽላል፤ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን ማስላት የሚያስችለው ባሕረ ሐሳብም ከዚሁ የትምህርት ዓለም አይወጣም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰባቱ ጥበባት ይባሉ ከነበሩት መካከል ሰዋስው፣ ዜማ፣ ስሌትና የሰማይ አካላት ጥናት ከዚህ ጋር መቀራረባቸው የሚያስደንቅ ነው። ጂኦሜትሪ ግን በዚህኛው ሥርዓት ራሱን የቻለ ቤት አልነበረውም፤ ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶች በቀር ከደጁ ቀርተዋል፤ ይህም ሳይሸፈን ሊነገር የሚገባው ጉድለት ነው።

ፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት የ19ኛው ምዕተ ዓመት ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና የዚህ ሰፊ ትምህርት ፍሬ ናቸው። ሕዝቡ በጨዋታቸው ቢያስታውሳቸውም፣ ከሊቅነታቸው ይልቅ ቀልዳቸው መግነኑ ያሳዝናል። የጣናን ማዕበል አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት፣ ማለትም ከዜማ ጋር የሚሄድ የመቋሚያና የጸናጽል እንቅስቃሴ፣ እንደ ፈጠሩ በትውፊት ይነገራል፤ ስልቱን በደብረ ታቦር ያስፋፉት ልጃቸው አለቃ ተክሌ ስለሆኑም «ተክሌ አቋቋም» ተብሎ ጸንቷል። ዜማውን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው እንዲህ ያለ ስልት ሊያፈልቅ አይችልም ነበር።

በዘመናዊው ትምህርት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት አመራሩ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር አባል ሉስየን ማት እጅ ነበር። በኋላ ፍሬሽማን የተባለው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ለአሥርት ዓመታት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሆኖ ቆየ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሰናዶን በሁለተኛ ደረጃ ካስገባ በኋላ ግን ይህ ዓመት ቀርቶ ብዙው የአራት ዓመት ዲግሪ ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በ2012 ዓ.ም. ሲመለስም ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ሥነ ልቦና፣ አንትሮፖሎጂና ሒሳብ ከጋራ ኮርሶቹ መካከል ሆኑ።

መመለሱ ተገቢ ነበር። ይሁንና በጋይንቱ የድጓ ትምህርት ቤት በቤተ ልሔም፣ ለተማሪ የሚመሰከርለት መምህሩ ማወቁን ሲያረጋግጥ እንጂ ወራት ስለ ተቆጠሩ አይደለም፤ የፍሬሽማን ኮርስ ግን በአንድ መንፈቅ ያልቃል፣ ውጤቱም ለትምህርት ክፍል ምደባ መወዳደሪያ ስለሚሆን ተማሪው ታሪኩንም ሎጂኩንም የሚያጠናው አስቀድሞ ለነጥቡ ነው።