ከሸክላ እስከ ሚሞሪ፦ ዘፈን ድንበር የተሻገረበት መንገድ

በኛ አገር መቅዳት ነውር ሆኖ አያውቅም። መጽሐፍ ይበዛ የነበረው በመቅዳት ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ወራት ይቀመጣል። ባለጸጋው ይከፍለዋል፣ መጽሐፉም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ ግዝት ተጽፎ ይገኛል፤ ልብ ብላችሁ ካያችሁት የሚያወግዘው መጽሐፉን የሰረቀውንና ጽሑፉን የፋቀውን ነው። የገለበጠውን አይነካውም። ዕቃው ባለቤት አለው፣ ቃሉ ግን በተቀዳ ቁጥር ምስጋና እንጂ እርግማን አያመጣም ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት ዛሬ «ኮፒ ማድረግ ስርቆት ነው» ሲባል ብዙ ሰው ለምን በልቡ እንደማይቀበለው ለማሳየት ነው። ሕጉ ግን አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ድረስ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይናገራል። ገበያ ውስጥ ግን ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ነጋዴ እኔ አላጋጠመኝም። (ዓመቶቹን በተመለከተ፦ በሁለት ካላንደር ስለምንኖር የፈረንጁን እ.ኤ.አ. ብዬ ለይቼዋለሁ።)

አሁን ወደ ዘፈኑ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1948 በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። አንድ ድርጅት ብቻውን ያዘው ማለት ነው። እኛ ነጋዴዎች የዚህን ትርጉም እናውቃለን፤ ፈቃዱ በአንድ እጅ ሲሆን ዕቃው ይጠፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ያ ሁሉ ባንድ በየክበቡ ሲጫወት ወጣቱ ሱቅ ገብቶ የሚገዛው ግን በአብዛኛው የውጭ ሸክላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ይህን ክልከላ ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያወጣው ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር ነው። ማተሚያ አገር ውስጥ ስላልነበረ ቅጂው ሕንድ ሄዶ ታትሞ ተመለሰ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ዛሬ «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» የሚባለው ሙዚቃ ለገበያ የቀረበው ባሕር ተሻግሮ በመጣ ዕቃ ነው፤ ያመጣውም የመንግሥት ፈቃድ ያልነበረው ነጋዴ ነው። አምሃ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አውጥቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። መብት የሚባለው ነገር በሕግ የተቀመጠው ለአንድ ተቋም ብቻ ሲሆን ዘፋኙን ያወጣው ሕጉን የጣሰው ሰው መሆኑን አልረሳውም። ሌባና አሳታሚ በመዝገብ ላይ ሁልጊዜ ተለይተው የሚታዩ አይደሉም።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊት ክበቡ ተዘጋ። ሸክላው ሞተና ካሴት ነገሠ። ካሴትን ፊሊፕስ ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ያን ያህል የተስፋፋውም ፊሊፕስ አሠራሩን ሌሎች ፋብሪካዎች ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ስለፈቀደ ነው። መሣሪያው ራሱ በነፃ ተለቆ ነው የተወለደው። ሸክላን ቤት ውስጥ መቅዳት አይቻልም ነበር። ካሴትን ግን ሁለት ማጫወቻ ያለው ቴፕ የገዛ ሁሉ ይቀዳዋል።

እኔ የደረስኩት በካሴቱ ዘመን መጨረሻ ነው። ኦሪጅናሉን ካሴት ላይ እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ተሰብረው ይመጡ ነበር። እኛ ደግሞ ቀዳዳውን በወረቀት ወይም በፕላስተር ደፍነን እንቀዳበታለን። ባዶ ካሴት በጅቡቲ በኩልም በሞያሌ በኩልም ይገባል፤ ስልሳና ዘጠና ደቂቃ የሚይዘው ለየብቻ ዋጋ ነበረው። ሙዚቃ ቤት ሄዶ ከተለያዩ ዘፋኞች የሚወዱትን በዝርዝር ጽፎ ማስቀዳት የተለመደ ነበር። ባለሙዚቃ ቤቱ ራሱ ኦሪጅናል እየሸጠ፣ በጎን ደግሞ ያስቀዳ ነበር። ማንም እንደ ወንጀል አላየውም።

ሂሳቡ ግን አይዋሽም። በዚያ ዘመን አሳታሚው ለዘፋኙ የሚከፍለው በአብዛኛው አንድ ጊዜ፣ በቁርጥ ነው። ግጥሙና ዜማውም በፍሬ ይሸጣል። ስለዚህ ካሴቱ ኮፒ ሲደረግ በመጀመሪያ የሚጎዳው ዘፋኙ አይደለም፣ እሱ ድርሻውን ተቀብሏል። የሚጎዳው አሳታሚው ነው። ዘፋኙ የሚመታው ሁለተኛውን ካሴት ይዞ ሲመጣ ነው። አሳታሚው «ያለፈው አላዋጣኝም» ብሎ የቁርጡን ዋጋ ያወርዳል። ጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ማን እንዳደረሰው አይታይም፤ ያስቀዳነው ሰዎችም በአንድ ካሴት ማንም የተጎዳ አይመስለንም።

ሌላም አለ። አንድ ሙዚቃ ቤት አሥር ካሴት አሳተመ እንበል። ሰባቱ ወጪያቸውን ሳይመልሱ ይቀራሉ፣ ሦስቱ ይሸጣሉ። ቤቱ የሚኖረው በሦስቱ ነው። ኮፒ አድራጊው ግን ስቱዲዮ አይከራይ፣ ሽፋን አያሠራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የከሰረ ካሴት የለውም። የሚያባዛው ሦስቱን ብቻ ነው። ንግድ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ኪሳራው በአንድ ቤት፣ ትርፉ በሌላ ቤት ሲሆን የመጀመሪያው ቤት መዘጋቱ አይቀርም። በርካታ ስመ ጥር የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች ማሳተም ያቆሙበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ሌላውን ወገን ካልጻፍኩ ግን አድልዎ ይሆንብኛል። ምክንያቱም ካልተቀዳ የሚጠፋ ነገር ነበር።

ጎረቤታችን ሶማሊያን ውሰዱ። በዚያድ ባሬ ዘመን ሙዚቃው በመንግሥት እጅ ነበር፤ ዘፈን የሚቀረጸው ለሬዲዮ እንጂ ለሽያጭ አልነበረም። ስለዚህ ሕዝቡ ከሬዲዮ እየቀዳ፣ ካሴት ለካሴት እያባዛ ነው የያዘው። እ.ኤ.አ. በ1979 አካባቢ ጋርዬ የጀመረው፣ ሐድራዊና ሌሎችም መልስ የሰጡበት «ዴሌ» የሚባለው የግጥም ሙግት መንግሥትን የሚነካ ነበር። ሬዲዮ የማያሰማውን ይህን ሙግት ከከተማ ከተማ ያደረሰው ካሴት ነው። ሐድራዊ ራሱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ ተቃዋሚዎቹን ተቀላቅሏል። እዚያ ላይ «ያለ ፈቃድ ማባዛት» የሚል ክስ ማን ያቀርባል? ገጣሚው የሚፈልገው ይኸንኑ ነበር። በኛም በኩል በደርግ ጊዜ ሳንሱር ያላለፈ ዘፈን የተሰማው በዚሁ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የባሬ ጦር ሐርጌሳን በአውሮፕላን ደበደበ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ሐርቲሼክ መጠለያ የተከፈተው ያኔ ነው። ከድብደባው በፊት የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች ካሴቱን ለማትረፍ ከፊሉን መሬት ቀብረው፣ ሌላውን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩት። ዛሬ ሐርጌሳ ያለው የሬድሲ የባህል ማዕከል ከአሥር ሺህ በላይ ካሴቶች ሰብስቦ ይዟል። ከዚያ ክምችት ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ2017 ኦስቲናቶ የሚባል የሸክላ ድርጅት ያወጣው የሶማሊ ዘፈኖች ስብስብ ለግራሚ ሽልማት ታጭቷል። ከመንግሥት መዝገብ ቤት ይልቅ የሰው ጓዳ አስተማማኝ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የብራና መጻሕፍቱም ዕጣ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአገራችን ቤተ ክርስቲያናትና ገዳማት ያሉ ዘጠኝ ሺህ ያህል መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂው ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየም አለ፤ ብዙውን ዛሬ ማንም ሰው ተመዝግቦ በነፃ በኢንተርኔት ያነበዋል። ከዚያ በኋላ ስንት ጦርነት እንዳለፈ እናንተው ታውቃላችሁ።

እናቴ ቤት አንድ ካርቶን ካሴት አለ። ግማሹ የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ያለበት፣ ከሠርግ፣ ከሬዲዮና ከጎረቤት የተቀዳ ነው። ባለፈው ዓመት ኢስሊ ወስጄ ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩት። አንዳንዱ ክሩ ተጣብቆ አልወጣም። ከወጡት መካከል ደግሞ ዘፋኙን ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሰምቶት ማን እንደሆነ ያላወቅነው አለ። ለዚያ ሰው ልክፈል ብል እንኳ ለማን እከፍላለሁ?

ሕጉ የጠነከረው በ1996 ዓ.ም. ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ያስከብራል። አስቦ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይላል። ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ መውሰድን ግን ይፈቅዳል። ይህን ልዩነት ብዙዎቻችን አናውቀውም፦ ለራስህ መቅዳትና ቀድቶ መሸጥ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

አዋጁ ሲወጣ ግን ካሴት ራሱ እየሞተ ነበር። በአሜሪካ ናፕስተር እ.ኤ.አ. በ1999 ተከፍቶ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲዘጋ፣ እኛ ጋ ኢንተርኔት ገና በስልክ መስመር እየተንቀራፈፈ ነበር። የኛ ፋይል መጋራት በእጅ ነው የመጣው። መጀመሪያ በመቶ የሚቆጠር ዘፈን የያዘ ኤምፒስሪ ሲዲ በአዟሪ እጅ፣ ቀጥሎ ብሉቱዝ፣ ከዚያ ፍላሽና ሚሞሪ፣ አሁን ደግሞ ቴሌግራም። አልበም በወጣ በሰዓታት ውስጥ ሙሉው በቴሌግራም ይለቀቃል። አርቲስቶቹም ዝም አላሉም፤ ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የሚባለውን በስልክ ዘፈን የሚሸጥ መተግበሪያ አመጡ፣ ሰዋሰውም ተከተለ። ዩቲዩብ ደግሞ ለባለመብቱ ከማስታወቂያ ያካፍላል። የቁርጥ ዋጋው ዘመን አልፎ ዘፋኙ በተደመጠ ቁጥር የሚያገኝበት ጊዜ መምጣቱ ከካሴቱ ዘመን የተሻለ ነው ባይ ነኝ።

ድንበር ላይ ያለን ሰዎች ግን ሌላ ችግር አለብን። መብቱ ድንበር ላይ ይቆማል። የቅጂ መብትን በአገሮች መካከል የሚያስከብረው የበርን ስምምነት ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ሱዳን በ2000፣ ጅቡቲ በ2002 ገብተውበታል። ኢትዮጵያ ግን አዋጅ 410ን ስታወጣ አባል አልነበረችም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ዘፈን ናይሮቢ ውስጥ ሲባዛ ባለቤቱ የሚቆምበት መሬት ጠባብ ነው። የሕንድ ፊልም አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ ተተርኮ ቪዲዮ ቤት ሲታይም እንደዚያው። በመተማ በኩል የገባው የሱዳን ካሴት፣ በሞያሌ የወጣው የአማርኛ ካሴት፣ ሁሉም ባለቤቱን ከኬላው ወዲያ ትቶ ነው የሚሻገረው። ለሸቀጣችን ቀረጥ እንከፍላለን፣ ለዘፈኑ የሚጠይቀን የለም።

ኬንያዎች አንድ ነገር ሞክረዋል። ማታቱዎችና ቡና ቤቶች ሙዚቃ ለማጫወት ለባለመብቶች ማኅበር ይከፍላሉ። ገንዘቡ ለአርቲስቱ ደረሰ አልደረሰም በሚል ለዓመታት ተጨቃጭቀዋል፤ የማኅበሩ ፈቃድ እስከ መከልከል የደረሰበት ጊዜም አለ። በኛ አገርም በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ሮያሊቲ በጋራ የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፍቷል።

በሞያሌ መናኸሪያ አካባቢ ሚሞሪ የሚጭኑት ልጆች ለዚህ አመቺ ናቸው እላለሁ። ሾፌሩ ፍላሹን ይሰጣቸዋል፣ የአማርኛውን፣ የኦሮምኛውን፣ የሶማሊኛውን፣ የታንዛንያውን ቦንጎ ቀላቅለው ይሞሉለታል። ኦሪጅናሉ እዚያ ከተማ አይሸጥም፤ የኔትወርኩን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ሾፌሩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በረሃ ያቋርጣል። እነዚህን ልጆች አምስት ዓመት ማሰር ለአንድም ዘፋኝ ሳንቲም አያስገባም። በአንድ ሚሞሪ ጥቂት ብር ለማኅበሩ ቆርጠው ምን እንደጫኑ በደብተር እንዲመዘግቡ ቢደረግ ግን፣ የትኛው ዘፋኝ ድንበር ላይ እንደሚሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ይኖረናል። ደብተር መያዝ እንደሆነ ዱቤ ስለሚሰጡ ያውቁበታል።