ገዥን የሚያወርድ ማን ነው?

አንድ ጨካኝ ገዥ በሕዝቡ ላይ በሠለጠነ ጊዜ ባዕድ መንግሥት መጥቶ ሊያወርደው ይገባልን? ይህ ጥያቄ በሩቅ አገር ብቻ የሚነሣ ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን እኔ በምኖርበት በደጋንም ሆነ በመላው ወሎ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በባዶ ሐሳብ ከመከራከር በፊት የሆነውን እናስተውል።

የመጀመሪያው የመቅደላ ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ታላቅ ሐሳብ የነበራቸው ንጉሥ ቢሆኑም በመጨረሻው ዘመናቸው ጭካኔያቸው በዝቶ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ የወሎዋን የወይዘሮ ወርቂትን ልጅ አስገደሉ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። እንግሊዞች ግን የመጡት ስለ ወርቂት ልጅ ወይም ስለ ጎንደር አዝነው አልነበረም፤ የታሰሩ ወገኖቻቸውን ለማስፈታት ነበር እንጂ። ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ በዙላ በኩል ገባ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

እውነቱን ለመናገር፥ በዚያን ጊዜ ብዙ ያገራችን እስረኞችም ከእግር ብረት ተፈትተዋል። ለእነርሱ የባዕድ መምጣት ምሕረት ነበረ፤ ይህን የሚክድ ሰው የእስረኛን መከራ አያውቅም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ምንድን ነው? አምባው ተቃጠለ፤ የብራና መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭነው ሄዱ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በሰው አገር ሞተ፤ አጽሙ ይመለስ ተብሎ ቢጠየቅም በ2015 ዓ.ም. አልተፈቀደም። እንግሊዞች ስለ ውለታቸው ለደጃዝማች ካሣ የተዉላቸው መሣሪያም በ1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ለመንሣት ረዳቸው። አንዱ ገዥ ወረደ እንጂ ጦርነቱ ከሕዝቡ ትከሻ አልወረደም።

ሁለተኛው የልጅ ኢያሱ ነገር ነው። ልጅ ኢያሱ የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፥ የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነበሩ። የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከቱርኮች ጋራ ወዳጅነት ስላሳዩ፥ በዙሪያችን ቅኝ አገር የነበራቸው እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ሠጉ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. መጀመሪያ ሦስቱ ሌጋሲዮኖች አንድ ሆነው ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። መስከረም 17 ቀን፥ በመስቀል ዕለት፥ መኳንንቱ ተሰብስበው ኢያሱን ሻሩ። መኳንንቱ የራሳቸው ምክንያት እንደ ነበራቸው አይካድም፤ ነገር ግን ሦስት ኃያላን ከጀርባ መቆማቸው የልብ ልብ የሰጣቸው ይመስለኛል። በወሩ፥ ጥቅምት 17 ቀን፥ ወሎና ሸዋ ሰገሌ ላይ ተላለቀ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ከወሎ ከዘመቱት ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ያን ጽሑፍ ከፈረሙት የባዕድ ሹማምንት መካከል ግን ሰገሌ ላይ የወደቀ የለም።

«እንግዲያውስ ሕዝቡ ለዘላለም ከቀንበር በታች ይኑርን?» የሚል ይኖራል። አይኑር። ናፒየር ያን ሁሉ ገደል እስከ መቅደላ ግርጌ ያለ ጦርነት ያለፈው ሕዝቡ አስቀድሞ ንጉሡን ስለ ተወ ነው። የገዥ ጉልበት የሚታዘዘው ሰው ነው፤ ሰው ሲርቀው ዙፋኑ ባዶ እንጨት ይሆናል።

በእኛ በወሎ ሁለት ወገን ደም ሲቃባ አባጋር ይጠራል። የአባጋር ቃል የሚከበረው ጠቢብ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ፍርዱ ቢጣመም መዘዙ ለእርሱም ልጆች ስለሚተርፍ፥ ከታረቁት ጋራ ባንድ ገበያ የሚገበይ፥ ባንድ መቃብር የሚቀበር ስለ ሆነ ነው። ባዕድ መንግሥት ግን ፈርዶ በመርከብ ይሄዳል። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ባዕድ ለተገፋ ሕዝብ በእውነት ያዘነ እንደ ሆነ፥ ለጨካኙ መሣሪያ አይሽጥለት፤ የሸሸውን ያስጠጋ፤ የተራበውን ያብላ፤ ያየውንም ግፍ አይሸሽግ። ገዥውን ማውረድ ግን፥ ማግስቱን በዚያው አገር ለሚያድር ሕዝብ ይተውለት።