ከወደቡ እስከ ናጋድ፤ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ታሪክ

«ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም የመጣው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ሲሆን፣ ትርጉሙ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ቃሉን ወደ መሀል አገር ያስገባው ሐዲድ የሚነሣው ከባሕሩ ጠርዝ፣ ከጅቡቲ ነበር።

ፈረንሳዮች የግዛታቸውን መቀመጫ ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ባዛወሩበት ዘመን ሥፍራው ገና በመቆርቆር ላይ ነበር። የሐረር ቡናና ቆዳ በግመል ቅፍለት የሚወርደው በአብዛኛው ወደ ዘይላ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሲሰጡ ግን የንግዱ ሚዛን ማጋደል ጀመረ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ እጅግ ውድ በመሆኑ መስመሩ በቆላው አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ከተማ ሆነች። ዘይላ ደግሞ ገበያዋ ቀዘቀዘ። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጥረት ሲወድቅ፣ በ1900 ዓ.ም. የተቋቋመው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሰው። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

የቀድሞው የጅቡቲ ጣቢያ በከተማዋ ውስጥ፣ ለወደቡ ቅርብ ሆኖ የተሠራ ነበር። ከደጋ የመጣ መንገደኛ ከፉርጎ ወርዶ ብዙ ሳይርቅ ከባሕር ይደርስ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ለስደት የወጡት በዚሁ ሐዲድ ነው፤ ጅቡቲ ደርሰውም «ኢንተርፕራይዝ» በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ ሌላ፣ ከድሬዳዋ አትክልት የሚያወርዱና ከጅቡቲ ጨርቅ የሚያወጡ ቸርቻሪዎችም ኑሯቸው በዚህ ባቡር ላይ የተመሠረተ ነበር። በጣቢያዎቹም ፈረንሳይኛ፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ጎን ለጎን ይሰሙ ነበር።

ጅቡቲ ነጻ በወጣችበት በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) የኦጋዴን ጦርነት ድልድዮቹን አፍርሶ መስመሩን ቆረጠው። ከተጠገነ በኋላም ሐዲዱ አርጅቶ፣ ጭነቱን የከባድ መኪና መንገድ ወሰደበት። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ ንግድ በጅቡቲ ላይ ሲያርፍ አሮጌው ባቡር ሸክሙን የሚችልበት አቅም አልነበረውም።

በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) በናጋድ ጣቢያ ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህም የቀድሞው ባቡር በአዲሱ መስመር ሊሄድ አይችልም። ናጋድ ከከተማዋ መሀል ወጣ ብሎ የቆመ የመንገደኛ ጣቢያ ነው፤ የጭነቱ ሐዲድ ወደ ዶራሌ ወደብ ያመራል። ቀድሞ በአንድ አካባቢ ይገናኙ የነበሩት ሰውና ዕቃ አሁን መድረሻቸው ተለያየ። በአዲስ አበባ በኩልም መነሻው ከለገሃር ወደ ፉሪ ለቡ ወጥቷል።

ብዙ ኮንቴይነር በፍጥነት ማድረስ ለወደብ አልባ አገር የህልውና ጉዳይ በመሆኑ ለውጡ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በአሮጌው መስመር ያገለገሉት ሠራተኞች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፉት መዛግብት ተሰብስበው፣ የሠራተኞቹም ትዝታ በጊዜው ካልተመዘገበ፣ ሁለቱን ከተሞች ያስተሳሰረው ታሪክ የጅቡቲ ባቡር በማይደርስበት ሰፈር ስም ብቻ ይቀራል።