ጋብራ፦ በሁለት አገር የሚኖር ግመል አርቢ ሕዝብ
በሞያሌ ዙሪያ ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ የሆነው ጋብራ በሰሜን ኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ ተከፍሎ ይገኛል። እንደ ቦረና ኦሮምኛ ቢናገርም፣ ኑሮው በዋናነት የተመሠረተው ከከብት ይልቅ በግመል ላይ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ጉንተር ሽሌ እ.አ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ከግመል ጋር የተያያዙ ሥርዓቶቹና የዘመን አቆጣጠሩ ከሬንዲሌና ከሶማሌ ጋር አንድ ምንጭ እንደሚጋሩ አመልክተዋል።

ጋብራ በስሙ የሚጠራ ክልልም ሆነ ካውንቲ የለውም። ባህላዊ አስተዳደሩ በአልጋና፣ በሻርባና፣ በጋር፣ በጋልቦና በኦዶላ የተከፋፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው “ያ” የተሰኘ፣ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የሽማግሌዎች መንደር አላቸው።

በ2013 ኬንያ ሥልጣንን ለካውንቲዎች ስታካፍል፣ ጋብራ ከሬንዲሌና ከቡርጂ ጋር ተጣምሮ የማርሳቢትን ምርጫ አሸነፈ። በዚያው ዓመት በሞያሌ ከቦረና ጋር በተቀሰቀሰው ግጭት በርካታ ነዋሪዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ።