የትንፋሽ ቁና

አማርኛችን አቀበት የወጣውን፣ ሩጫ ያደከመውን ሰው «ቁና ቁና ተነፈሰ» ይለዋል። ቁና የእህል መስፈሪያ ነው፤ ትንፋሽም እንደ ጤፍና እንደ ገብስ ሊሰፈር እንደሚችል ቋንቋው ቀድሞ የጠረጠረ ይመስለኛል። ነፍስ፣ ነፋስ፣ ትንፋሽ፣ እስትንፋስ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸውና ትንፋሽን መስፈር ነፍስን ለመስፈር እንደ መነሣት ያለ ድፍረት ነው። የዚህን ድፍረት ታሪክ ባጭሩ ላወሳ እወዳለሁ፤ የማወሳውም አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ ለመሆኑ ቁናው የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1846 ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስፓይሮሜትር ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ለለንደን ሐኪሞች አቀረበ። መሣሪያው ውኃ በያዘ ዕቃ ውስጥ የተደፋ ባልዲ መሰል ነገር ነበረው። ሰው በቱቦ ሲነፋበት የተደፋው ዕቃ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለውም ልክ ይነበባል። ሃቺንሰን መርከበኞችን፣ ፖሊሶችን፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኞችን፣ ቡጢኞችን፣ ጦም አዳሪ ድኾችን፣ በጠቅላላው ከ2000 የሚበልጡ ሰዎችን አስነፋ። የሳንባ አቅም ከሰው ቁመት ጋር አብሮ እንደሚጨምር፣ በሳንባ በሽታ በተያዘ ሰው ላይ ደግሞ እንደሚጎድል አሳየ። የሕይወት መድን ኩባንያዎች ደንበኛቸውን ከመቀበላቸው በፊት እንዲለኩበትም መከረ። እነሆ የመጀመሪያው ቁና ተቀረጸ፤ የተቀረጸውም በእንግሊዝ ሰው ልክ ነበር።

መሣሪያው ብዙ ሳይቆይ አትላንቲክን ተሻገረ። በ1850ዎቹ የሉዊዚያናው ሐኪም ሳሙኤል ካርትራይት፣ የባርነት ጠበቃ የነበረው ሰው፣ የጥቁር ሰው ሳንባ ከነጭ ሰው ሳንባ በ20 በመቶ ያንሳል ብሎ ጻፈ። ከዚህም ተነሥቶ ጥቁር ሰው ጤና የሚያገኘው ተገዶ ሲሠራ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ረኀቡን፣ ግርፋቱን፣ የልጅነት በሽታውን ከሒሳቡ አላገባም። ባርነት ቀረ፤ ሒሳቡ ግን አልቀረም። እስከዚህ ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙ መለኪያዎች የተመርማሪውን ዘር እየጠየቁ ከጥቁር ሰው የሚጠብቁትን ልክ ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ያደርጉ ነበር። ቁናው ሲያንስ ጎዶሎው ሙሉ ይመስላል፤ የታመመው ሳንባም «ደኅና ነው» ተብሎ ይሸኛል። ዘርን የማይጠይቅ ቀመር የወጣው በ2022 ነው፤ የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበርም በ2023 እርሱን መጠቀም ይገባል አለ።

ይህ ወሬ ለእኛ ደጋ ሩቅ አይደለም። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ በቦረና ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አንድ አራተኛ ያህል ይጎድላል፤ ሰውም ያንኑ ስስ አየር እየሳበ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፣ መልሶም ይወጣል። የኦክስፎርዱ ጂ. ኤ. ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በሰሜን በኩል የደባርቅን ደገኞች ከአዲ አርቃይ ቆለኞች ጋር አነጻጽረው፣ በ1969 ባሳተሙት ጥናት የደገኞቹ ደረት ሰፋ ያለ፣ የሳንባቸውም አቅም ከፍ ያለ መሆኑን ጽፈዋል። እንግዲህ የካርትራይት ቁና ለደገኛው እጥፍ በደል ነው። ሰፊ ሳንባ ይዞ ያደገ ሰው ብዙ ትንፋሽ ካጣ በኋላ እንኳ በሌላ ሰው ልክ ሲሰፈር ሙሉ ሊመስል ይችላል።

ከዚህ ችግር ግማሽ መውጫ ያበጀው ፈረንሳዊው ሮበርት ቲፍኖ ነው። በ1947 ቲፍኖና ባልደረባው ሰው ምን ያህል እንደሚነፋ ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያው ሴኮንድ ምን ያህሉን እንደሚያወጣ ለኩ። ጤነኛ ጎልማሳ ከትንፋሹ አብዛኛውን በዚያች ሴኮንድ ይጨርሳል። የአየር ቧንቧው የጠበበበት ግን ያንጠባጥበዋል፤ ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት ከሳበ በኋላም ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ሐኪሙ ሥር የሰደደ የቧንቧ መጥበብን ይጠረጥራል። የዚህ ልኬት ታላቅነት ሰውን ከራሱ ትንፋሽ ጋር ማነጻጸሩ ነው። ዕድሜ ጥቂት ቢያዛባውም የሎንዶን መርከበኛ በመካከል አይገባበትም።

በሽታው በሌላው ዓለም የሲጋራ ልጅ ተደርጎ ይታወቃል። በእኛ ደጋ ግን ሲጋራ በከንፈራቸው ነክቶ የማያውቅ እናቶችን ያስላል። ዛፉ በተመናመነበት አገር ኩበት ይነዳል፤ ብርዱ ደግሞ በር ያዘጋል። ጭሱ ከሦስት ጉልቻ ተነሥቶ ጣሪያውን ያጠቁራል፤ ጣሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ግን በምጣዱ ላይ ባጎነበሰችው ሴትና በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ደረት ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ እንደሞቱ ገምቷል። እናቶቻችን ሳሉን «ብርድ ነው» ይሉታል፤ ሌላው ነቀርሳ ነው ብሎ ይፈራዋል። አንዳንዷም ትንፍሽ ሳትል ታረጃለች።

በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከሃቺንሰን 167 ዓመት በኋላ ማለት ነው። መሣሪያው ዛሬ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ሆኗል። ከባዱ ነገር መሣሪያውን ወደ ገጠሩ ማድረሱና የሚያስነፋውን ሰው ማግኘቱ ነው፤ ልኬቱ የሚሠምረው ተመርማሪው በሙሉ ኃይሉ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ሳያቋርጥ ሲነፋ ነውና። ይህን ደግሞ ቁጥር አያስተምርም፤ ቃል ነው የሚያስተምረው። «እማማ፣ በደንብ ይሳቡ፤ አሁን እፍ ይበሉ፤ እፍ! አያቁሙ፣ ይጨርሱት!» የሚል፣ ቋንቋዋን የሚያውቅና የሚታገሥ ሰው ያስፈልጋታል።

እፍ ማለቱን ግን ማንም አያስተምራትም። ዕድሜዋን ሙሉ በየንጋቱ ዳፍንት እሳቷን የቀሰቀሰችው በእርሱ ነው።